ለቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና፣ ለእናቶችም ጥቆማ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን እነማይ ወረዳ፣ ከብቸና ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ የምኖር መምህርትና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ይህን የምጽፈው ባለፈው ክረምት ልጆቼ ተራ በተራ በታመሙብኝ ጊዜ ላልተለየችኝ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ በዚያውም በአካባቢው ያላችሁ እናቶች ጤና ኬላውን እንድትጠቀሙበት ለመጠቆም ነው። ስሟን እንዳልጠቅስ ራሷ ስለለመነችኝ አልጠቅሰውም፤ የቀበሌው ሰው ግን «ሲስተር» ስል ማንን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

ባለቤቴ እንደ ብዙው መምህር ለክረምት ትምህርት ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለነበር፣ ሐምሌንና ነሐሴን ከልጆቼ ጋር ብቻዬን ነበርኩ። የአገራችንን ክረምት የኖረበት ያውቀዋል፤ የዋልካው ጭቃ ጫማ ከእግር ያስቀራል፣ ባጃጅም ከዋናው መንገድ አልፎ አይገባም። ጎረቤቱ ሁሉ በጤፍ ዘር ተወጥሮ ስለሚውል «ልጅ ያዙልኝ» ማለት ራሱ ያሳፍራል።

መጀመሪያ የታመመው ዓመት ከመንፈቅ ያልሞላው ትንሹ ልጄ ነው። ሳልና ትኩሳት ሲጀምረው ጎረቤቶቼ «ምች ነው» ብለው ዳማ ከሴ አመጡልኝ፤ ከአንድ መድኃኒት ቤት የተገዛ የሳል ሽሮፕም ደረሰኝ፤ ሻጩ ግን ልጁን አላየውም፣ ዕድሜውንም አልጠየቀም። ሲስተር ደግሞ መድኃኒት ከማንሳቷ በፊት ልጁን አጥብቼ እንዳረጋጋው ነገረችኝ። ከዚያ ሸሚዙን ገልባ፣ ሰዓቷን ይዛ፣ የደረቱን ከፍና ዝቅ ማለት አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። መሐል ላይ ሲያለቅስ ቆጠራውን ትታ ዝም እስኪል ጠበቀችና እንደገና ከአንድ ጀመረች። ዕድሜው ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት የሆነ ሕፃን በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳምባ ምች እንደሚጠረጠር፣ ከ2 ወር ጀምሮ ዓመት ላልሞላው ደግሞ መለኪያው 50 እንደሆነ ያስረዳችኝ ያን ጊዜ ነው። ለሳምባ ምች የሚሰጠውን የአሞክሲሲሊን ክኒን በማንኪያ ውኃ ካሟሟች በኋላ የመጀመሪያውን እዚያው ፊቷ እንድሰጠው አደረገች፤ የቀረውን እንዴት እንደምሰጥ እኔው በቃሌ እስክነግራት ድረስም አልለቀቀችኝም። መምህርት ነኝና ተማሪን አስደግሞ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም አውቃለሁ። በቀጠሮው ቀን ዝናቡ አላስወጣ ሲለን ቦቲዋን ተጫምታ እቤታችን ድረስ መጣችና አተነፋፈሱን ዳግመኛ ቆጠረች።

እሱ ሲያገግም የአራት ዓመቷን ልጄን ተቅማጥ ያዛት። «ሆዷ ይረፍ፣ ምግብ አትስጫት» የሚለው ምክር ከየአቅጣጫው መጣ። ሲስተር ግን ሰውነቷ ፈሳሽ ማጣቱን ለማወቅ የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፣ ዓይኗ ጎድጎድ ማለቱንም አየች፤ ቀጥላም የውኃ መያዣዬን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ያቀረብኩላት ጠርሙስ የሁለት ሊትር ስለነበር ባለአንድ ሊትር ሃይላንድ አስፈለገችኝ፤ ምክንያቱም አንዱ ከረጢት ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካው ዱቄት) የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው፣ በዝቶም ሆነ አንሶ አይሆንም። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት ካለፈ ይደፋል። ለተቅማጥ የሚሰጠውን የዚንክ ክኒን ደግሞ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ቀን ድረስ እንድሰጣት፣ ምግቧንም እንዳልከለክላት አጥብቃ ነገረችኝ።

ትልቁ ልጄ በሸበል በረንታ በኩል ወደ ዓባይ ቆላ ካለችው አያቱ ዘንድ ሰንብቶ ሲመለስ ያንቀጠቅጠው ጀመር፤ በጣት ደም ምርመራ ወባ ተገኘበት። ሲስተር የሰጠችውን ሁሉ ስለሚያስመልሰው ግን ይዛ አልዘገየችም። የሪፈር ወረቀት ጽፋ ጤና ጣቢያው ቀድሞ እንዲያውቅ ደወለች፤ ሁለቱን ትንንሾች የሚጠብቅልኝ ሰው እንደሌለ ስታውቅም የሴቶች ልማት ቡድኗን መሪ አነጋግራ እቤቴ አስቀመጠችልኝ። የምትችለውንና የማትችለውን ለይታ ማወቋን ከሙያዋ ሁሉ አብልጬ የማደንቅላት ለዚህ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በአገራችን ከተጀመረበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎቻችን እነዚህን ሴቶች የምናውቃቸው ሽንት ቤት በማስቆፈርና በክትባት ብቻ ነው። የታመመ ሕፃን መርምረው እንደሚያክሙ፣ ለዚህም ገንዘብ እንደማይጠይቁ የማያውቅ ወላጅ በእኛው ትምህርት ቤት እንኳ ሞልቷል፤ ጤና ኬላው ደጃፉ ሆኖ ሳለ የታመመ ልጅ አዝሎ ብቸና ድረስ የሚጓዘውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

እግዚአብሔር ውለታዋን ይክፈልልኝ፣ እጇንም ይባርክልኝ። ልትሄዱ ለምታስቡ እናቶች ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ቤት ለቤት ስለምትዞር ጤና ኬላው ተዘግቶ የምታገኙበት ቀን አለ፣ በዚህም ቅር የተሰኙ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ስልኳ በሩ ላይ ተለጥፏልና ጭቃውን ከመጀመራችሁ በፊት ደውሉላት። የልጁን የክትባት ካርድ ያዙ፤ ቀደም ብሎ የተሰጠው መድኃኒት ካለም ብልቃጡን ጨምራችሁ ውሰዱላት፣ እሱን ሳታይ ሌላ አትሰጥም።