ሪኮ ጂአር 3፦ ጉሊትና ማጀት የምትገባ ካሜራ፣ አቧራ እስካልደፈራት ድረስ

ጉሊት ላይ ሽንኩርት የምትደረድር ሴት ትልቅ ሌንስ ከፊቷ ሲደቀንባት እጇ ቀጥ ይላል። ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ቀና ብላ ትቀመጣለች፤ ሊነሳ የተፈለገው ሥራ በዚያው ቀረ። የዕለት ኑሮን በፎቶ ለሚዘግብ ሰው ከዚህ የባሰ ኪሳራ የለም። ሪኮ ጂአር 3 ተፈላጊ የሆነችው ይህን ስለምታቃልል ነው። ከነባትሪዋና ከነካርዷ 257 ግራም ትመዝናለች፣ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ትገባለች፣ ስታነሳም ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም። በ2012 እ.ኤ.አ. ፎቶ አንሺው ፒተር ዲካምፖና ጸሐፊው ኦስቲን ሜሪል የአፍሪካን የዕለት ኑሮ በፎቶ የሚያሳየውን ኤቭሪዴይ አፍሪካን ኮትዲቯር ውስጥ ሲጀምሩ የያዙት የእጅ ስልክ ነበር፤ ስልክ ማንንም አያስደነግጥም። በ2019 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበችው ጂአር 3 ደግሞ ስልክን በሚያህል አካል ውስጥ ከስልክ በብዙ የሚበልጥ 24 ሜጋፒክስል የኤፒኤስ ሲ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበል ሰሌዳ) ይዛለች። ከዚያ የሚወጣ ፎቶ 50 በ34 ሴንቲሜትር ገደማ ሲታተም ዝርዝሩ አይጠፋም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ስናፕ ፎከስ የሚባለው አሠራሯ ነው። ርቀቱን አስቀድመው ይመርጣሉ፤ 1፣ 1.5፣ 2፣ 2.5 ሜትር እያለ ይሄዳል። ከዚያ የማንሻውን ቁልፍ በግማሽ ሳይይዙ በአንድ ጊዜ እስከ ታች ሲጫኑት ካሜራዋ ፎከስ ልፈልግ ሳትል በተባለችው ርቀት ታነሳለች። ሌንሷ 18.3 ሚሊሜትር ስለሆነ ጥርት ብሎ የሚወጣው ስፋት ብዙ ነው። ርቀቱን 2 ሜትር፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ይጠባል) ኤፍ 8 ላይ ካደረጉ ከ1 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ መንገዱ ማዶ ያለው ሁሉ ይጠራል። ኤፍ 5.6 ላይ ከ1.2 እስከ 6 ሜትር ይጠባል፤ ኤፍ 2.8 ላይ ደግሞ ከ1.5 እስከ 3 ሜትር ብቻ ይቀራል። ለገበያ የሚሻለው ኤፍ 8፣ 2 ሜትር፣ አይኤስኦው (ለብርሃን ያላት ስሜት) አውቶ፣ ዝቅተኛው የሹተር ፍጥነት 1/250 ሰከንድ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማታ ላይ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 2.8 ከፍቶ ርቀቱን ሳይቀይር ሲቀር ነው። አንድ ሜትር ላይ የቆመው ሰው ደብዝዞ ከኋላው ያለው ግድግዳ ጥርት ብሎ ይወጣል። በእንዲህ ያለው ሰዓት ስናፕን ትቶ በአውቶ ፎከስ መሥራት ይሻላል፤ እሱም ብርሃን ባነሰበት ቤት ቀርፋፋ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

ብርሃኑን በተመለከተ ነጠላ የለበሰ ጠይም ሰው ለዚህች ካሜራ ጥሩ ፈተና ነው። ነጩ ነጠላ ፎቶውን ከሞላው ካሜራዋ ብርሃን በዛ ብላ ትቀንሳለች፣ ፊቱም ይጠቁራል። ከኋላ ጨለማ በር ካለ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ፊቱ ይታያል፣ የነጠላው ክርና ጥለት ግን ነጭ ሆኖ ይጠፋል። የነጣው አይመለስም፣ የጠቆረው ግን ይመለሳል። ስለዚህ የብርሃን መለኪያውን ለደማቁ ክፍል ወደሚያደላው አድርጎ፣ በዲኤንጂ (በኋላ ለማስተካከል በሚመች ጥሬ ፋይል) አንስቶ፣ በኋላ ፊቱን ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ ማድመቅ ነው፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል። አይኤስኦው ከ800 ካልበለጠ የጠቆረው ፊት ያለ ችግር ይደምቃል። በጄፔግ ብቻ ያነሳ ሰው ይህን ዕድል አያገኝም።

ማጀት ውስጥ ሴንሰሯ ላይ ያለው የመንቀጥቀጥ መከላከያ ይረዳል፣ ግን እስከ ምን እንደሚረዳ መረዳት ይገባል። የአንሺውን እጅ እንጂ የተነሺዋን እጅ አያቆምም። ሊጡ ምጣዱ ላይ እየዞረ ሲፈስ እጅ ከነማዞሪያው እንዲጠራ ቢያንስ 1/125 ያስፈልጋል፤ በአንድ አምፖል ብርሃን ይህ አይኤስኦውን 3200 ወይም 6400 ያደርሰዋል። ፎቶው ላይ አሸዋ መሰል ሻካራነት ይታያል፣ ግን ለኅትመት የሚያሳፍር አይደለም። አክምባሎው ሲነሳ እንፋሎቱ ቀጥታ ሌንሱ ላይ ስለሚያርፍ በጎን በኩል መቆም ነው። ፍላሽ አብሯት አልተሠራም፤ ለዚህ ሥራ ባይኖራትም አይጎዳም።

አሁን ወደ ትልቁ ጉድለት። ካሜራዋ ከአቧራም ከውኃም የሚከላከል ማሸጊያ የላትም። ስትከፈት ሌንሷ ይወጣል፣ ስትዘጋ ይመለሳል፤ በወጣና በገባ ቁጥር አየር ትስባለች፣ ከአየሩ ጋር በርበሬ ተራ የሚቦነውን፣ ምናለሽ ተራ ከተቀጠቀጠው ቆርቆሮ የሚነሳውን ብናኝ ትወስዳለች። ሌንሷ ስለማይነቀል ሴንሰሩን ራስ ማጽዳት አይቻልም፤ ካሜራዋን ሙሉ በሙሉ የሚፈታ ባለሙያ ይጠይቃል። በሜኑዋ ውስጥ ያለው የአቧራ ማራገፊያ ሴንሰሩን እያንቀጠቀጠ ደረቁን ብናኝ ያራግፋል፣ ጥላሸትና ቅባት ያለበትን ግን አይነቅልም። የሚያሳዝነው፣ ነጠብጣቡ በኤፍ 2.8 ሳይታይ ቆይቶ ብቅ ማለት የሚጀምረው አፐርቸሩ ሲጠብ፣ ማለትም ስናፕ ፎከስ በሚጠቅምበት በኤፍ 8 አካባቢ ነው።

መከላከያው ጥንቃቄ ነው። ባዶዋን ኪስ ውስጥ አይክተቷት፤ የኪስ ጥራጊ ከመንገድ አቧራ ይብሳል። በትንሽ ዚፕ ከረጢት ትያዝ። ራሷን የምትዘጋበትን ሰዓት ማራዘምና በየደቂቃው ከመክፈትና ከመዝጋት መቆጠብ ይጠቅማል። ከመዝጋትዎ በፊት አፏን ወደ ታች አድርገው የሌንሷን ዙሪያ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ፣ አለበለዚያ የተቀመጠበትን አቧራ ይዞ ነው የሚገባው። በታመቀ አየር መንፋት ወደ ውስጥ ስለሚገፋው አይሞከር። ጂኤ 1 የሚባለውን ማያያዣ ገጥሞ 49 ሚሊሜትር ፊልተር ማሰር ከፊት በኩል ጥሩ መከታ ይሆናል፣ ኪስ መግባቷ ግን ያኔ ያበቃል። አቧራ በበዛበት ሥፍራ ለሚውል ሰው ይህ ልውውጥ ያዋጣል።

ባትሪዋ ደካማ ነው። አምራቹ 200 ፎቶ ይላል፤ ሙሉ ቀን ለሚሠራ ሰው ሦስት ባትሪ የግድ ነው። መብራት ሲጠፋ በዩኤስቢ ሲ ከፓወር ባንክ መሙላቷ ግን ትልቅ እፎይታ ነው። በዐይን የሚታይባት መመልከቻ ቀዳዳ ስለሌላት የቀትር ፀሐይ ስክሪኑን ያጠፋዋል፤ የስክሪኑን ድምቀት ከፍ ማድረግ በመጠኑ ይረዳል። ካርድ ረስተው ከወጡ 2 ጊጋባይት ውስጣዊ ማኅደር አላት።

18.3 ሚሊሜትሩ ሌንሷ የሚያሳየው ስፋት በሙሉ ፍሬም (በ35 ሚሊሜትር ፊልም መጠን) ካሜራ ላይ ካለ 28 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር እኩል ነው፤ ቤተሰብን ከነቤቱ ለማንሳት የተሠራች ይመስላል። ጥግ ላይ የቆመ ሰው ፊት ግን ይለጠጣል፣ በተለይ ከ1 ሜትር በታች ሲጠጉ። ፊት የሚያነሳ ሰው በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣችውን፣ በዚሁ ስሌት 40 ሚሊሜትር ልክ ያላትን ጂአር 3 ኤክስ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ይህ ስፋት የሚያስከትለው ሌላም ነገር አለ፤ ሰው በክንድ ርቀት ቆሞ ተደብቆ ማንሳት የለም። «እማማ፣ ሥራዎትን እየሠሩ ላንሳዎት?» ብሎ መጠየቅና እሺ ከተባለ በኋላም ሥራው እስኪቀጥል አሥር ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሕጉም አለ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትንም መሸጥንም ይከለክላል። በአንቀጽ 28 የተዘረዘሩት፣ ለምሳሌ በአደባባይ የተደረገ ሥነ ሥርዓት፣ ከዚህ ውጪ ናቸው፤ ማጀት ግን አደባባይ አይደለም።

ያገለገለች ለሚገዛ አንድ ፍተሻ አይቀርም። ኤፍ 16 ላይ አድርገው ብርሃኑን አንድ ስቶፕ ጨምረው፣ ፎከሱን ሆን ብለው አደብዝዘው ነጭ ግድግዳ ያንሱ፤ ፎቶውን አጉልተው ከጥግ እስከ ጥግ ይመልከቱ። ክብ ግራጫ ነጠብጣብ ካዩ መጀመሪያ ማራገፊያውን ያስነሱና ደግመው ያንሱ። ነጠብጣቡ ከቦታው ካልተነቃነቀ፣ ሻጩ ዋጋ ቢቀንስልዎም አይግዟት።