ካኦርን ለእናቴ ላሳዩልኝ አስጎብኚ

እማዬ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ ፈረንሳይ፣ ቱሉዝ መጥታ ነበር። ጉልበቷን ያማታል፣ ብዙ መራመድ አትችልም። ከቱሉዝ በስተ ሰሜን ያለችውን የካኦርን ከተማ ሳታይ እንዳትመለስ ብዬ ጓደኛዬ የጠቆመችኝ አስጎብኚ ጋ ደወልኩ። ስልሳን የተሻገሩ፣ እዚያው ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው።

የሄድነው ረቡዕ ነው። ለከተማው የገበያ ቀን፣ ለእማዬ ጾም። ይህን ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እናትሽ በስንት ሰዓት ነው የሚበሉት?» ዘጠኝ ሰዓት አልኳቸው። የቀኑን ፕሮግራም በሙሉ በዚያ ሰዓት አስተካከሉት።

እዚያ አገር ገበታ ላይ ዳክዬና የፍየል አይብ አይጠፋም። እሳቸው ግን ከሻጭ ሻጭ እየዞሩ ዳቦው ቅቤ እንደሌለው ጠየቁ። ሜሎኑን አንድ በአንድ እያሸተቱ መረጡ። ሁሉንም በራሳቸው ዘንቢል ያዙልን።

ካቴድራሉ እዚያው ገበያው አጠገብ ነው። ስሙ ሴንት ኤቲየን ነው፤ የእኛው ቅዱስ እስጢፋኖስ። ይህን ስነግራት እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። ከሁለቱ ትልልቅ ጉልላቶች ሥር ተቀምጣ ስትጸልይ አስጎብኚያችን ትንፍሽ አላሉም። ሰዓታቸውን እንኳ አላዩም።

ወደ ቫላንትሬ ድልድይ በታክሲ ወሰዱን። የሎት ወንዝ ከተማዋን በሦስት በኩል ይከባታል፣ ልክ ዓባይ ጎጃምን እንደሚከብበው። ድልድዩ በ1308 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ያለቀው በ1378 ነው። ሥራው አላልቅ ሲለው ግንበኛው ነፍሱን ለሰይጣን ሊሰጥ ተዋዋለ ይላል አፈ ታሪኩ፤ ሰይጣን ደግሞ የታዘዘውን ሁሉ ሊሠራ። ሊያልቅ ሲል ግንበኛው «ለሠራተኞቹ ውኃ በወንፊት አምጣ» አለው። እማዬ «እሰይ!» ብላ አጨበጨበች። ሰይጣኑም በንዴት በየሌሊቱ ከመካከለኛው ግንብ አንድ ድንጋይ ይነቅል ነበር አሉ። በ1879 ድልድዩን ያደሰው ፖል ጉ ድንጋዩን የሚጎትት ትንሽ ሰይጣን አስቀርጾ እዚያው አስገባበት። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ በዓይን ያስቸግራል። እሳቸው ግን ከቦርሳቸው አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አውጥተው፣ የእማዬን ክርን ደግፈው፣ «ጥግ ላይ፣ ጣቶቹን እዩ» እያሉ አሳዩዋት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር በላን። ከዚያ ወይን ቤት። የካኦር ቀይ ወይን ቢያንስ 70 በመቶው ማልቤክ ከሚባለው የወይን ዘር መሆን አለበት። በ1956 እ.ኤ.አ. ውርጭ አብዛኛውን ተክል ፈጅቶት ገበሬዎቹ እንደገና ተክለው ነው እዚህ የደረሱት። እማዬ አንድ ጉንጭ ቀምሳ «ጥቁረቱ! ቀለም እኮ ነው» አለች። ድሮም «ጥቁር ወይን» ይሉት ነበር።

እማዬ አገሯ ገብታም ስንደዋወል «እኚያ ሴትዮ ደህና ናቸው?» ትለኛለች። የታመመ ወይም ያረጀ ወላጅ ይዛችሁ ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ ከእሳቸው ሌላ አትፈልጉ። ፈረንሳይኛና ቀስ ያለ እንግሊዝኛ ይናገራሉ። ስልካቸውን አስፈቅጄ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። የምትጾሙ ከሆነ ስትደውሉ ንገሯቸው።