ከ14 ወር በኋላ፦ ውቅያኖስ ላይ ዓሣ የማጠምድባት ካያክ

ካያኳን የገዛኋት አምና መጋቢት ላይ ነው። ያገለገለች፣ 13 ጫማ የምትረዝም፣ ውስጧ ገብተው ሳይሆን ላይዋ ተቀምጠው የሚቀዝፏት የፕላስቲክ ካያክ (በመቅዘፊያ የምትሄድ ጠባብ ጀልባ) ናት፤ 850 ዶላር ከፍዬባታለሁ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ሳንዲዬጎ፣ ላ ሆያ ሾርስ ከሚባለው ዳርቻ 41 ጊዜ ይዣት ወጥቻለሁ። በወጣሁ ቁጥር የባሕሩን ሁኔታና የያዝኩትን ዓሣ ደብተር ላይ ስለምጽፍ ቁጥሩ ግምት አይደለም። የአምራቹን ስም የማልጠቅሰው ከታች የማነሳው ችግር በዚህ ዓይነት ካያክ ሁሉ ላይ ሊያጋጥም ስለሚችል ነው።

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ሲሄድ ያየ ሰው ይህችን ካያክ ለመረዳት አይቸገርም። ታንኳ ውኃ እንዳያስገባ ተብሎ አይሠራም፤ ውኃው በደንገሉ መሃል ይገባል፣ ይወጣል፤ የሚያንሳፍፈው ደንገሉ ራሱ ነው። የካያኳም ወለል ከላይ እስከ ታች የሚያሳልፉ ቀዳዳዎች አሉት። ማዕበል ሲደፋባት ውኃው በእነሱ ተመልሶ ይወርዳል። መጀመሪያ ቀን አብሮኝ የመጣ ጓደኛዬ ቀዳዳዎቹን አይቶ ደንግጦ ነበር፤ እንድፈናቸው ብሎኝ ተከራክረናል። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። ታንኳ ድፍን ነው፤ ካያክ ግን ከወለሏ በታች ባዶ ሆድ አላት። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ያ ባዶ ሆድ ነው።

በቅድሚያ ደጉን ልናገር። ሚዛኗ ግሩም ነው፤ እግሬን ወደ ጎን አውርጄ ተቀምጬ መንጠቆ አስራለሁ። ፍጥነቷ ለኔ በቂ ነው። ክብደቷ 34 ኪሎ ነው፤ ብቻዬን መኪና ጣሪያ ላይ ለማውጣት በጀርባ በኩል አንድ ጫፏን አስደግፌ መግፋት ለመድኩ። ወንበሯ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ወገብ ይፈጃል፤ በአራተኛው ወር ቀይሬዋለሁ።

ላ ሆያን የመረጥኩት ጥልቁ ለዳርቻው ቅርብ ስለሆነ ነው። የባሕር ውስጥ ገደሉ ወደ አሸዋው በጣም ስለሚጠጋ፣ በሌላ ቦታ በሞተር ጀልባ የሚደረስበት ጥልቀት እዚህ በመቅዘፊያ ይደረስበታል። ማዕበሉም ከሌሎቹ ዳርቻዎች ሲነጻጸር ለስለስ ያለ ነው። አንድ ነገር ግን ከመነሻው እወቁ፦ ከአሸዋው የምትነሱበት አካባቢ ከ2012 ጀምሮ ዓሣ ማጥመድ የተከለከለበት ጥብቅ የባሕር ክልል ነው፤ ማትላዋይል ይባላል። መንጠቆ ሳትጥሉ ቀዝፋችሁ ማለፍ አለባችሁ። 16 ዓመት የሞላው ሰው የካሊፎርኒያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በዚህ በደቡቡ ክፍል ደግሞ ፈቃዱ ላይ የሚጨመር የውቅያኖስ ማረጋገጫ አለ። መለኪያ ሜትርም ያዙ፤ ሃሊበት የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ከ22 ኢንች ካነሰ ወደ ባሕሩ ይመለሳል።

አሁን ወደ ሆዷ።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ወጣሁ። ባሕሩ ረግቷል፣ ነፋስ የለም። ወደ ሦስት ሰዓት ግድም ካያኳ እንደ ወትሮው አልታዘዝ አለችኝ። በግራ ስቀዝፍ ዘግይታ ትዞራለች፤ ዞራም ወዲያው አትቆምም። የሠራሁት ስሕተት ድካም ነው ብዬ ማለፌ ነው። ዓሣ መያዣ ከረጢቱን ለመሳብ ወደ ጎን ስዘነብል ከወለሉ ሥር ውኃ ወዲያና ወዲህ ሲንገዋለል ሰማሁ። በእግሬ መካከል ያለችውን ክብ ክዳን ከፍቼ እጄን ብሰድድ ውኃው እስከ አንጓዬ ደረሰ። በእጅ የሚሳብ ፓምፕ ነበረኝ፤ ግን ቤቴ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትቼው ነበር የወጣሁት።

ሆዷ ውስጥ ውኃ ያለባት ካያክ አደጋዋ መክበዷ ብቻ አይደለም። ውኃው እናንተ ወደምታዘነብሉበት አብሮ ይሮጣል፤ ሚዛኗን ራሱ ይገለብጠዋል። ቀስ ብዬ፣ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ እስከ ዳርቻው ደረስኩ። እዚያ ግን ማዕበል መሻገር ግድ ነው። ከኋላ የመጣው ሞገድ ጭራዋን ሲያነሳት ሆዷ ውስጥ ያለው ውኃ በሙሉ ወደ አፍንጫዋ ሮጠ፤ አፍንጫዋ አሸዋ ነካ፣ እሷም ተገለበጠች። እኔ የወደቅሁት በባሕሩ በኩል ነበር። በአሸዋው በኩል ወድቄ ቢሆን ቀጣዩ ማዕበል ያን ሁሉ ውኃ ከነካያኳ እላዬ ላይ ይጥልብኝ ነበር። አንድ የማጥመጃ ዘንግ ከነማጠንጠኛው ጠፋ፤ እኔ ደህና ወጣሁ።

ቤት ወስጄ የአትክልት ጎማ በክዳኑ ከትቼ ሆዷን በጥቂት ውኃ ሞላሁና ከየት እንደሚያንጠባጥብ እያገላበጥኩ አየሁ። ሁለት ቦታ አገኘሁ። አንደኛው የፊተኛው ክዳን ጎማ ነው፤ ፀሐይና ጨው አድርቀውት ጥፍር ሲነካው ይሰነጠቃል። ሁለተኛው የቀድሞው ባለቤት ዘንግ ማቆሚያ ለማሰር የበሳቸው አራት የቡሎን ቀዳዳዎች ናቸው፤ ማሸጊያ አልተቀባባቸውም። ጎማውን ቀየርኩ፣ ቡሎኖቹን ፈትቼ በጀልባ ማሸጊያ መልሼ አሰርኩ። ከዚያ ልጆች በመዋኛ የሚጫወቱባቸውን ረጃጅም የስፖንጅ ዱላዎች ገዝቼ ስምንቱን ሆዷ ውስጥ ጠቀጠቅኩ። አሁን ውኃ ቢገባ እንኳ የሚገባበት ቦታ ጥቂት ነው። ስጠቀጥቃቸው ያ የጣና ደንገል ትዝ ብሎኝ ብዙ አሰብኩ፤ የታንኳ ሠሪዎቹ ዘዴ ምን ያህል የጠለቀ እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ሌላው የፕላስቲኩ ጉዳት ከጋሪ የመጣ ነው። ከመኪና እስከ ውኃው የምገፋባት ባለሁለት ጎማ ጋሪ ሁለት ዘንጎቿን በወለሉ ቀዳዳዎች ውስጥ የምታስገባ ዓይነት ነበረች። ዕቃ የተጫነ ካያክ በዚያ ሁኔታ እየተንገጫገጨ ሲሄድ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ይሰነጠቃል። በዘጠነኛው ወር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ፤ በፕላስቲክ ብየዳ ተዘግታለች። አሁን ካያኳን ከሥር በቀበቶ የሚያቅፍ ጋሪ ነው የምጠቀመው። ያገለገለች የምትገዙ ከሆነ ከምንም በፊት ባትሪ ይዛችሁ ቀዳዳዎቹን ከሥር አብሩባቸው።

ዓሣ የት እንዳለ የሚያሳይ ስክሪን ልግዛ ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ መልሴ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ወድቆ መውጣት ተማሩ። እኔ ሚሽን ቤይ በተባለው ጸጥ ያለ የውኃ ወሽመጥ ሆን ብዬ እየተገለበጥኩ አሥር ጊዜ ያህል ተለማምጃለሁ። የተገለበጠችውን በማዶው እጀታ ስቦ ማቃናት፤ ከዚያ እግርን እያራገቡ ሰውነትን ከውኃው ጋር ማስተኛት፤ በሆድ መንሸራተት፣ በመቀመጫ መዞር፣ መጨረሻ እግርን ማስገባት። ሲደክማችሁና ሲበርዳችሁ ማድረግ ካልቻላችሁ አልተማራችሁትም። በብርዱ ወራት የዚህ ባሕር ውኃ ወደ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል፤ ልብስ የሚመረጠው ለአየሩ ሳይሆን ለውኃው ነው። ላይፍ ጃኬት ወንበር ሥር አይቀመጥም፣ ይለበሳል። ውኃ የማይገባው በእጅ የሚያዝ ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ደረቴ ላይ ታስሯል፤ 16ኛው ቻናል የጭንቅ ጥሪ መስመር ነው። ባለቤቴ ስንት ሰዓት እንደምመለስ ታውቃለች፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ካለፈ ለባሕር ጠባቂዎች ትደውላለች።

ነፋስን በተመለከተ እዚህ ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ ወደ የብስ የሚነፍሰው አድካሚ ቢሆንም ወደ ቤት ይገፋችኋል። የምፈራው ሳንታ አና የሚሉትን ነው፤ በመከርና በብርዱ ወራት ከምድረ በዳው ወደ ባሕሩ ይነፍሳል። ዳርቻው ላይ ውኃው እንደ መስታወት ይታያል፤ ርቃችሁ ስትሄዱ ግን መመለሻ ያሳጣል። ያ ነፋስ ሲተነበይ አልወጣም።

ዓሣውስ? ኬልፕ የሚባለው የባሕር ደን ጫፍ ላይ እደርሳለሁ፣ አንዱን ረጅም ቅጠል ስቤ ጭኔ ላይ አጋድመዋለሁ፤ መልሕቅ አያስፈልግም። በትንንሽ መንጠቆዎች ማከሬል እይዛለሁ፤ ከነሕይወቱ ለትልቁ ዓሣ ማጥመጃ ይሆናል። ሰኔ ላይ የያዝኩት የሎውቴይል የሚባል ጭራው ቢጫ የሆነ ዓሣ 18 ፓውንድ ነበር። ሲነክስ ዘንጉን ወደ አፍንጫዋ አቅጣጫ አዞርኩ፤ በጎን እንዲስብ ከተዋችሁት ይገለብጣችኋል። ከዚያ እሱ ጎተተን፣ እኔም እሷም ተከተልን፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ሳቅሁ። ሁለት ጊዜ ግን የባሕር አንበሳ ዓሣዬን ከነመንጠቆው ነጥቆኛል። የዚያን የሎውቴይል አንገቱን ጠብሰን፣ ሥጋውን በቃሪያና በሚጥሚጣ ለብለብ አድርገን ለጎረቤት ሁሉ አዳርሰናል።

ከየጉዞው በኋላ ካያኳን፣ ማጠንጠኛውንና ቡሎኖቹን በንጹሕ ውኃ አጥባለሁ። ቀጥሎም ክዳኑን ከፍቼ ስፖንጅ ሆዷ ውስጥ አዞራለሁ። ከጥር ወዲህ ሁልጊዜ ጥቂት ጠብታ ይዞ ነበር የሚወጣው። ባለፈው ቅዳሜ፣ ከአምስት ሰዓት ባሕር በኋላ፣ ደረቅ ወጣ።