ለባዮሎጂስቶች የተዘጋጀውን የ8 ሳምንት "ወደ መድኃኒት ፍለጋ መሻገሪያ" ኮርስ ጨረስኩት፣ ከ5 ኮከብ 3

ፖስትዶኬ (ከዶክትሬት በኋላ የሚሰራ ጊዜያዊ የምርምር ስራ) ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው የተመዘገብኩት። ከዩኒቨርሲቲ ምርምር ወጥቶ መድኃኒት ፍለጋ ውስጥ መግባት ለሚፈልግ ባዮሎጂስት የተዘጋጀ ኦንላይን ስልጠና ነው፣ በሳምንት አንድ ላይቭ ክፍለ ጊዜ፣ የሲቪ እርማትና መጨረሻ ላይ የልምምድ ኢንተርቪው አለው። ስሙን አልጠራም፣ የማማው ነገር ስላለኝ።

የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት እንቅልፍ ናቸው። ታርጌት (መድኃኒቱ የሚያነጣጥርበት ፕሮቲን)፣ ሂት (በመጀመሪያ ሙከራ ምልክት ያሳየ ሞለኪውል)፣ ሊድ (ተሻሽሎ የተመረጠው)፣ ካንዲዴት (ወደ ሰው ሙከራ እንዲሄድ የታጨው) እያሉ ስላይድ ማንበብ ብቻ። ሊፒንስኪ የሚባል ኬሚስት በ1997 ያወጣውን ህግ፣ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ሞለኪውሉ ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ባይበልጥ ይመረጣል ምናምን የሚለውን፣ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ያነበዋል።

3ኛው ሳምንት ግን ሌላ ነው። አስተማሪዋ ኢንዱስትሪ ውስጥ ብዙ ዓመት የሰራች ባዮሎጂስት ናት፣ "የራሳችሁን ዳታ አምጡ" አለችን። እኔም ባለ 384 ጉድጓድ ፕሌት (ብዙ ናሙና አንዴ የሚሞከርበት ሳህን) ላይ የሰራሁትን የኢንዛይም አሴይ፣ ማለትም ሞለኪውሎች ኢንዛይሙ ላይ የሚያመጡትን ለውጥ የሚለካ ሙከራ፣ ይዤ ቀረብኩ፣ ፔፐሬ ውስጥ የገባ ፊገር ነው፣ ደረቴን ነፍቼ ነው ያሳየሁት። ሂት ብዬ ያከበብኳቸው 9 ጉድጓዶች ነበሩ። ትንሽ አየችና "7ቱ ለምንድነው ዳር ዳር የተደረደሩት?" አለች። በቃ አለቀልኝ። ዳር ያሉት ጉድጓዶች ውሃቸው ቶሎ ይተናል፣ ውስጡ ያለው ይወፍራል፣ ሲግናሉም አብሮ ይዛባል፣ ይሄን ስንት ጊዜ ለተማሪ አስረድቻለሁ መሰላችሁ! ከዛ ዚ ፕራይም አስላን፣ የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ኮንትሮሎቹ (ውጤታቸው አስቀድሞ የሚታወቅ ማነጻጸሪያዎች) ውጤት ምን ያህል በግልጽ እንደተራራቀ የሚለካው ቁጥር ማለት ነው፣ ከ0.5 በላይ ሲሆን ጥሩ አሴይ ይባላል፣ የኔ 0.2 ወጣ። "በዚህ አሴይ ኬሚስቶቹን 6 ወር ገደል ለገደል ነው የምታዞሪያቸው" አለች፣ የውሸት ሂት ይዘው ሲለፉ ይከርማሉ ማለቷ ነው፣ ሳቀችም አልሳቀችም።

ቀጥላ ደግሞ "ምን ውጤት ብታዪ ነው ፕሮጀክቱን የምታቆሚው?" ብላ ጠየቀችኝ። ዝም። በዚህ ሁሉ ዓመት ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኛ ጋ ውጤቱ እንቢ ካለ ታሪኩ ተቀይሮ ፔፐር ይሆናላ። አምጀን የሚባለው የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ የነበሩ ሰዎች በ2012 ትልልቅ ከሚባሉ 53 የካንሰር ጥናቶች መድገም የቻሉት 6ቱን ብቻ ነው ብለው ጽፈው ነበር፣ ያንን ቁጥር እያነሳሁ በሌላው ላብ ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። የዛን ቀን ግን አልሳቅኩም።

5ኛው ሳምንትም ጥሩ ነው፣ ፒሲኤስኬ9 እና ኬራስ የሚባሉትን ሁለት ታርጌቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ነው የሚያስተምሩት። የመጀመሪያው በ2003 ከኮሌስትሮል ጋር መያያዙ ታወቀ፣ ጂኑ የማይሰራላቸው ሰዎች ጤነኛ ሆነው መገኘታቸው ደግሞ ቢዘጋም ችግር እንደሌለው ጠቆመ፣ በ2015 መድኃኒቶቹ ጸደቁ። ኬራስን ካንሰር ውስጥ ያውቁት የነበረው ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ነው፣ ግን ሞለኪውል የሚገባበት ኪስ ስላላገኙበት እጃቸውን አጣጥፈው ኖሩ፣ በ2013 ጂ12ሲ በሚባለው የኬራስ ሚውቴሽን በኩል አንድ ኪስ ተገኘና ሶቶራሲብ የሚባለው መድኃኒት በ2021 ጸደቀ። እኔ "ታርጌቱ አስፈላጊ ነው" ማለት ስራው ያለቀ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ኬሚስቱ የሚጨብጠው ነገር ካላገኘ የኔ ባዮሎጂ ወሬ ነው።

አሁን ወደ ሀሜቱ። የሲቪ እርማቱ ከኔ ሲቪ ጋር የተገናኘ አልመሰለኝም። አንድ ተማሪ ለአንድ ክረምት ስላሰለጠንኩ "ቡድን መርታለች" ብለው ጻፉልኝ፣ የማመልከቻ ደብዳቤዬ ላይ ደግሞ የሌላ ሰው ስም ረስተውበት መለሱልኝ፣ ሳላየው ልኬው ቢሆን ጉድ ፈልቶ ነበር። የልምምድ ኢንተርቪውም "ከ5 ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታያለሽ" ዓይነት ነው። እውነተኛው ኢንተርቪው ላይ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ ስራዬን አቅርቤ እንደጨረስኩ አንድ ኬሚስት እጁን አወጣና "በ30 ማይክሮሞላር መጠን ላይ ኮምፓውንዱ ሟሙቶ ነው የሰራው ወይስ ዘቅጦ ነው ያስመሰለው?" አለኝ። ያን የመለስኩት በ3ኛው ሳምንት ጉልበት ነው፣ ስራውንም አገኘሁ።

3ኛውንና 5ኛውን ለብቻ ቢሸጡ 5 ኮከብ እሰጥ ነበር። ለሲቪው የከፈልኩትን እንዲመልሱልኝ ሁለቴ ጽፌላቸዋለሁ፣ እስካሁን ዝም ብለዋል።