ለቤኔፊት ክፍላችን እህት ምስጋና፣ ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምሠራው ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው። ይህን የምጽፈው የመሥሪያ ቤታችንን የቤኔፊት ጉዳይ የምትይዘውን እህታችንን በአደባባይ ለማመስገን ነው። ስሟ እንዲጠቀስ አልፈለገችም፤ ፍላጎቷን አከብራለሁ። አብረውን የሚሠሩ ግን ማንን እንደማመሰግን ወዲያው ይገባቸዋል።

ባለፈው ኦፕን ኢንሮልመንት፣ ማለትም ሠራተኛው ቤኔፊቱን በሚመርጥበት ወቅት፣ መሥሪያ ቤታችን ከጤናና ከጥርስ ኢንሹራንስ ሌላ አንድ ነገር ጨመረልን። የማንነት ስርቆት መከላከያ ነው። ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችንን (ሶሻላችንን) እና የትውልድ ቀናችንን ይዞ በስማችን ካርድ ሲያወጣ፣ የስልክ መስመር ሲከፍት፣ ታክስ ሲያስገባ የሚጠቁምና ጉዳዩን የሚከታተልልን አገልግሎት ማለት ነው። አለቆቹን ያሳመነችው እሷ ነች። የሠራተኛውን ድርሻ አሠሪው ይከፍላል። ቤተሰቡን ማስገባት የፈለገ ልዩነቱ ከፔይቼኩ ይቆረጣል።

እንዲህ ያለ ቤኔፊት የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች ሞልተዋል። ሠራተኛው ግን መኖሩን እንኳ አያውቅም። ኢሜይል ይላካል፣ ማንም አይከፍተውም፣ በዚያው ይረሳል። እህታችን ይህ እንዲሆን አልፈቀደችም። እኛ ጋ የሃያ ዓመት የኮሌጅ ተማሪና ሰባን የተሻገሩ እናት በአንድ ሺፍት ይሠራሉ። የሚያሰጋቸው ነገር ለየቅል ነው። ስለዚህ ሁሉንም ሰብስባ አንድ ወረቀት አንብባ አልሄደችም። በየሺፍቱ፣ ለሌሊት ሠራተኞች ሳይቀር እየመጣች፣ ለየእድሜው የሚሆነውን ለየብቻ አስረዳች።

ለወጣቶቹ ያነሳችው የሥራ ማስታወቂያ ጉዳይ ነው። በቴሌግራምና በቴክስት የሚመጣው፣ ገና ሳይቀጥር የመንጃ ፈቃድ ፎቶና ሶሻል የሚጠይቀው ዓይነት። ወጣት ስልክ ስለሚችል አይሸወድም ብለን እናስባለን። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ኤፍቲሲ የሚባለው፣ በየዓመቱ የሚያወጣው መረጃ ግን ሌላ ነው የሚያሳየው። ማጭበርበር ደረሰብን ብለው ካመለከቱት መካከል ገንዘባቸውን የተበሉት በሃያዎቹ ውስጥ በብዛት ይገኛሉ። በሰባዎቹ ያሉት የሚበሉት ከወጣቶቹ ባነሰ መጠን ነው፤ ሲበሉ ግን የሚያጡት ገንዘብ ከፍ ያለ ነው።

ልጆች ላሏቸው የነገረቻቸው እኔንም ያስደነገጠኝ ነው። ሕፃን ልጅ ሶሻል አለው፣ የክሬዲት (የብድርና የክፍያ) ታሪክ ግን የለውም። ሌባ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ልጁ አድጎ የመጀመሪያ ካርዱን ወይም ብድር እስኪጠይቅ ድረስ ማንም ላያየው ይችላል። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ ክሬዲቱን በነፃ ማስቆለፍ፣ ማለትም በልጁ ስም አዲስ ካርድ ወይም ብድር እንዳይከፈት ማድረግ ይችላል። በአብዛኛው የልጁን የልደት ወረቀትና የወላጅን መታወቂያ ኮፒ በፖስታ መላክ ይጠይቃል። ትንሽ ያለፋል፣ ግን ይሠራል።

ለአዛውንቶቹ ደግሞ ያነሳችው ሜዲኬርን፣ የመንግሥቱን የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ ነው። ድሮ ካርዱ ላይ ሶሻል ይጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2019 በተላኩት አዲስ ካርዶች ላይ ግን ቀርቷል። አሮጌውን ካርድ እስካሁን በቦርሳው የያዘ ካለ ቆራርጦ ይጣለው። «ካርድዎን ልናድስልዎ ነው፣ ቁጥርዎን ይንገሩን» ብሎ ሳይጠሩት የሚደውል ሜዲኬር የለም። በተለይ ፕላን በሚቀየርበት ወቅት፣ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ድረስ፣ ስልክ ሲበዛባቸው እንዲጠነቀቁ ደጋግማ አሳሰበቻቸው።

አሁን ይህን ሁሉ እንድጽፍ ወዳደረገኝ ጉዳይ ልምጣ። እርሳቸውም ልጃቸውም ፈቅደውልኛል። ላውንድሪ ክፍል የሚሠሩ፣ ሁላችንም እማማ ብለን የምንጠራቸው እናት አሉ። አገልግሎቱ ከተጀመረ ጥቂት ወራት በኋላ በስልካቸው ማስጠንቀቂያ መጣ። በስማቸው አዲስ ክሬዲት ካርድ ተጠይቋል። የክሬዲት ሪፖርታቸው ሲታይ ደግሞ የማያውቁት የስልክ መስመር ተገኘ፣ ክፍያው ያልተከፈለ። ከዚያም በላይ በሌላ ስቴት የተወሰደ የመኪና ብድር ነበረበት። እማማ መኪና ነድተው አያውቁም።

መጀመሪያ ያሉት ምን መሰላችሁ? «ዕዳ ይዤ አልሞትም፣ ልክፈልና ልገላገል።» ስንቱ እናት እንዲህ ብሎ ከፍሎ ይሆን! እህታችን እጃቸውን ይዛ «እማማ፣ ያልበሉትን አይክፈሉ። ከከፈሉ ዕዳውን የኔ ነው እንዳሉ ሊቆጠርብዎት ይችላል» አለቻቸው። ከዚያ የምሳ ሰዓቷን ትታ ብሬክ ሩም ውስጥ አጠገባቸው ተቀመጠች። ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችና ወደ አገልግሎት ሰጪው ደወለች። አንድ ጉዳይ ያዥ ተመደበላቸው፣ አማርኛ አስተርጓሚም መስመሩ ላይ ገባ።

የትውልድ ቀናቸውን ሲጠየቁ እማማ «በኅዳር ሚካኤል ማግስት» አሉ። አስተርጓሚው ዝም አለ። እህታችን ዝቅ ባለ ድምፅ «እማማ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ይንገሯቸው» አለች። ወረቀቱ ላይ ያለው ጃንዋሪ 1 ነው። ይህ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። የትውልድ ቀኑ በትክክል ሳይታወቅ ወረቀት የወጣለት ሐበሻ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይጻፍለታል። የአባታችን ስም ደግሞ እዚህ ላስት ኔም ይሆናል። የተለመደ ስም ከተለመደ የአባት ስም ጋር ሲገጥም፣ የትውልድ ቀኑም አንድ ሲሆን፣ የሁለት ሰው ፋይል ሊደባለቅ ይችላል።

ጉዳይ ያዡ ይህ ሲነገረው ቶሎ ገባው። የመኪናው ብድር ስርቆት እንዳልሆነ የደረሰበት እሱ ነው። የእማማ ሞክሼ የሆነች፣ ዕዳዋን በሥርዓት የምትከፍል ሌላ ሴት ብድር ነበር። ይህን መለየቱ ትልቅ ነገር ነው። ሁሉንም ተሰረቅሁ ብለው ቢያመለክቱ ኖሮ አንዲት ንጹሕ ሰው ላይ ጣት ይቀሰር ነበር። መንገዱም ይለያያል። ለተደባለቀ ፋይል፣ የሰውን የብድር ታሪክ ለሚይዘው ድርጅት፣ ለክሬዲት ቢሮው፣ ተቃውሞ ይጻፋል፤ ቢሮው እንደ ደንቡ በ30 ቀን ውስጥ ማጣራት አለበት። ለስርቆት ግን የኤፍቲሲ ድረ ገጽ በሆነው አይደንቲቲቴፍት ነጥብ ጎቭ ላይ ሪፖርት ይሞላል። ያ ሪፖርትና ማስረጃው ሲደርሳቸው ቢሮዎቹ የተጭበረበረውን ሂሳብ በ4 የሥራ ቀን ውስጥ ከፋይሉ ማገድ አለባቸው። ጉዳይ ያዡ በዚያው ሪፖርት፣ አበዳሪ ማንነታቸውን እንዲያጣራ የሚያሳስብ፣ ለ7 ዓመት የሚቆይ የማጭበርበር ማስጠንቀቂያ እማማ ፋይል ላይ እንዲቀመጥ አደረገላቸው።

አንድ የስልክ ኩባንያ ግን አንገላታቸው። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ማንከባለል፣ ያንኑ ወረቀት ደግሞ ማስላክ፣ ስልኩን መዝጋት። እማማ ብቻቸውን ቢሆኑ እዚያው ላይ ይቆም ነበር። ጉዳይ ያዡ ግን መስመሩ ላይ አብሯቸው ጠበቀ፣ እደውላለሁ ባለበት ቀን ደወለ፣ ደብዳቤውን ራሱ አዘጋጅቶ ለልጃቸው ለፊርማ ላከ። እሱንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ዛሬ የስልኩ ዕዳ ተሰርዟል፣ የመኪናው ብድር ወደ ትክክለኛዋ ተበዳሪ ፋይል ተመልሷል። የካርዱ ማመልከቻም ገና ሳይጸድቅ ተዘግቷል። ሌቦች በስማቸው ታክስ እንዳያስገቡ ደግሞ ከአይአርኤስ፣ ከፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ ባለ ስድስት አኃዝ ፒን እንዲያወጡ ረዳቸው። ይህን ፒን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ማንነቱን ማረጋገጥ የሚችል ሰው ሁሉ ማውጣት ይችላል፣ በነፃ።

እህታችንን እንዳምናት ያደረገኝ ሌላም ነገር አለ። ስለ ቤኔፊቱ ከማውራቷ በፊት በነፃ የሚገኘውን ነገረችን። ክሬዲትን መቆለፍ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ነፃ ነው። ሦስቱ ክሬዲት ቢሮዎች፣ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን ዘንድ ለየብቻ መቆለፍ ያስፈልጋል። ሦስቱን ስም በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል ጽፋ ብሬክ ሩም ፍሪጅ ላይ ለጥፋዋለች። ቤት ወይም መኪና ሲገዛ በኦንላይን ወይም በስልክ ክፈቱልኝ ካላችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ መክፈት አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢኩዊፋክስ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰው መረጃ ወጥቷል። ስለዚህ ሶሻሌ አልወጣም ብሎ መኩራራት አያዋጣም። ወጥቷል ብሎ መነሳት ይሻላል።

ታዲያ አገልግሎቱ ለምን ያስፈልጋል? የኔን ሐሳብ ልናገር። ማስጠንቀቂያው ብቻውን ብዙም አይደለም። ሌባ እንደገባ ይነግራል እንጂ በሩን አይዘጋም። እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚለው ኢንሹራንስም ደስ ይላል፤ ግን ምን ምን ወጪ እንደሚሸፍን ውሉን አንብቡ። ዋጋ ያለው ጉዳይ ያዡ ነው። ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው፣ እንግሊዝኛ ለማይቀናቸው ወላጆች፣ በሥራ ሰዓት መስመር ላይ የሚጠብቅላቸው ሰው ማግኘት ትልቅ እፎይታ ነው።

የራሳችሁ ሥራ ላላችሁ፣ ሆም ኬር፣ ሬስቶራንት፣ ጋራዥ ወይም ትራንስፖርት ለምታስተዳድሩ ወገኖች ይህንን አስቡበት እላለሁ። አይአርኤስ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ባወጣው ማስታወቂያ መሠረት አሠሪ ለሠራተኛው የሚገዛው ይህ አገልግሎት እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ ሠራተኛው ታክስ አይከፍልበትም። በምትኩ ጥሬ ገንዘብ ከሰጣችሁ ግን ታክስ አለበት። ስትገዙ በሌላ ቤት የሚኖሩ ወላጆችን ያስገባ እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዱ ፕላን አብሮ የሚኖረውን ብቻ ነው የሚይዘው። አማርኛ አስተርጓሚ አለ ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ግን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው መድቡ። እኛን የጠቀመን እሱ ነው።

እህታችን፣ ለእማማም ለሁላችንም ስላደረግሽው እግዜር ይስጥልን። ልጆችሽን ያሳድግልሽ።

እዚያው የምትሠሩ ወገኖች ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። መመዝገብ ብቻ አይበቃም፤ ገብታችሁ አካውንቱን ካልከፈታችሁ ክትትሉ አይጀምርም። ኮዱ የተላከላችሁ ኢሜይል ላይ አለ። ያጣችሁት ቢሯዋ ጎራ በሉ፣ ትሰጣችኋለች። ወላጆቻችሁን ማስገባት የምትፈልጉ ቀጣዩ ኢንሮልመንት እስኪከፈት ሶሻላቸውንና ወረቀታቸው ላይ ያለውን የትውልድ ቀን አዘጋጅታችሁ ጠብቁ።