በእጅ ሻንጣ ብቻ ወደ አገር ቤት፦ የፍተሻው አገልግሎት ከመነሻ እስከ መመለሻ ሲመዘን

ለአጭር ፈቃድ ወደ አገር ቤት የሚበር ሰው ትልቁን ሻንጣ ትቶ በእጅ ሻንጣ ብቻ ቢሄድ ይሻለዋል። ሻንጣ እስኪመጣ ቆሞ መጠበቅ ይቀራል፣ ትራንዚት ላይ ዕቃ ጠፋ ብሎ መጨነቅም የለም። በምትኩ ያለው ዕቃ በሙሉ በፍተሻ መስመር ያልፋል፤ ስለዚህ የጉዞው ምቾት በአብዛኛው የሚወሰነው በፍተሻው አገልግሎት ጥራት ነው። ይህ ግምገማም የሚያተኩረው በእሱ ላይ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዝልኝ፦ የእጅ ሻንጣ የሚዘጋጀው ለመነሻው አየር ማረፊያ ብቻ ሳይሆን፣ ደርሶ መልሱን ጨምሮ በመንገዱ ላይ ላለው በጣም ጥብቅ ፍተሻ ነው።

የሻንጣ ልክን በተመለከተ፣ የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር አያታ የሚጠቅሰው ከፍተኛ ልክ 56 በ45 በ25 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጎማውና እጀታው አብረው ይለካሉ። ብዙ አየር መንገዶች ግን ከዚህ ያነሰ ነው የሚፈቅዱት፤ ክብደቱንም በ7 ኪሎ የሚገድቡት ጥቂት አይደሉም። ጠንካራ ባለጎማ ሻንጣ ባዶውን 3 ኪሎ ከመዘነ ለዕቃ የሚተርፈው 4 ኪሎ ብቻ ነው። 1 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የጀርባ ቦርሳ በዚህ በኩል በግልጽ ይበልጣል። ኦንላይን ቼክ ኢን ጥሩ አገልግሎት ነው፣ ሰልፍ ያስቀራል፤ ግን ዴስክ ሳይደርስ ያለፈ ሰው ሻንጣው ጌት ላይ ሊመዘንበት እንደሚችል አይነገረውም። ጌት ላይ ደግሞ ዕቃ ለመቀነስ ጊዜም ቦታም የለም።

አውሮፕላኑ ሞልቶ የእጅ ሻንጣ ጌት ላይ ተቀብለው ወደ ጭነት ክፍል ሲያወርዱ ሠራተኞቹ ፓወር ባንክ ወይም ትርፍ ባትሪ እንዳለ መጠየቅ ይገባቸዋል። አንዳንዱ በደንብ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ መለያ ወረቀቱን አስሮ ዝም ይላል። ባይጠይቁም አውጡት። ባትሪ ጭነት ክፍል ውስጥ ቢቀጣጠል ደርሶ የሚያጠፋው ሰው የለም፤ ካቢን ውስጥ ግን የበረራ አስተናጋጆቹ አሉ። ፓወር ባንክ፣ ፓስፖርት፣ መድኃኒትና ቁልፍ በአንዲት ትንሽ ቦርሳ ሆነው ሻንጣው አናት ላይ ከተቀመጡ በአንድ እጅ መዝዞ መስጠት ይቻላል።

የፓወር ባንክ ወሰኑ የሚለካው በዋት-ሰዓት፣ ማለትም ባትሪው በሚይዘው የኃይል መጠን ነው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ፈቃድ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው አየር መንገዱ ሲፈቅድ ብቻ፣ ያውም ከሁለት ሳይበልጥ፤ ከ160 በላይ ከተሳፋሪ ጋር አይገባም። ዕቃው ላይ የተጻፈው ሚሊ አምፔር-ሰዓት ብቻ ከሆነ በቮልቱ፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ በ3.7፣ አባዝታችሁ ለ1000 አካፍሉ። 20,000 የሚለው 74 ዋት-ሰዓት ይሆናል፣ ያልፋል። 30,000 የሚለው 111 ነው፣ ፈቃድ ይጠይቃል። ጽሑፉ ተፍቆ የማይነበብ ከሆነ ፈታሹ ሊያስቀረው ይችላል፤ የሚያረጋግጥበት ነገር የለውምና። ከዚህ በተጨማሪ አንዳንድ አየር መንገዶች በበረራ ላይ በፓወር ባንክ መጠቀምን ከልክለዋል፤ ኤምሬትስ ይህን ከጥቅምት 1፣ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ አውሏል። ስለዚህ ስልክን ከመሳፈር በፊት ሞልቶ መግባት ነው።

ብዙ ዕቃ የሚቀረው በፈሳሽ ሰበብ ነው። የፈሳሽ ገደቡ ሕግ የመጣው በነሐሴ 2006 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ በፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላኖችን ለማፈንዳት የተጠነሰሰ ሴራ ከተደረሰበት በኋላ ነው። እያንዳንዱ መያዣ ከ100 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ሁሉም በአንድ ሊትር በሚይዝ፣ ግልጽ በሆነ፣ አፉ በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ይገባሉ። ከረጢቱ በግምት 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ነው። ፈታሹ የሚያየው መያዣው ላይ የተጻፈውን ልክ እንጂ ውስጡ የቀረውን አይደለም፤ 200 ሚሊ ሊትር የሚል የሎሽን ጠርሙስ ሩቡ ብቻ ቢቀረውም ይጣላል። የጥርስ ሳሙና፣ የፀጉር ቅባት፣ ጄል፣ ማስካራ፣ ሽቶ፣ ማር፣ ማርማላታ ሁሉም እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ። አፉ ሳይጨናነቅ የሚዘጋው ከረጢት በተግባር አምስት ወይም ስድስት ባለ100 ጠርሙስ ቢይዝ ነው፣ ቅርጻቸው ቦታ ይበላልና። ባለ30 እና ባለ50 ጠርሙሶች ይሻላሉ። ሻምፑን በደረቅ ሳሙና መልክ መያዝ ደግሞ ቦታውን ለሌላው ያስለቅቃል።

መድኃኒትና የሕፃን ወተት ከ100 ሚሊ ሊትር ገደቡ ውጭ ናቸው። ለጉዞው የሚበቃውን ያህል ከሐኪም ማዘዣው ጋር ይዞ፣ ትሪው ላይ ለብቻ አስቀምጦ፣ ፈታሹ ሳይጠይቅ አስቀድሞ መናገር ነው። ሳይነገር ከሻንጣው ሥር ሲገኝ ነው ጭቅጭቁ የሚመጣው።

ቦርሳ ለምን ወደ ጎን እንደሚገፋ ብዙ ሰው አያውቅም። የኤክስሬዩ ስክሪን ብረትን በሰማያዊ፣ ልብስ፣ ወረቀት፣ ምግብና ፕላስቲክን በብርቱካንማ፣ በመሃል ያለውን በአረንጓዴ ያሳያል። ብዙ ዓይነት ፈንጂም ብርቱካንማ ሆኖ ነው የሚታየው። ወፍራም መጻሕፍት ተደራርበው፣ ከላያቸው ቻርጀርና ፓወር ባንክ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ፈታሹ ስክሪኑ ላይ የሚያየው ብርቱካንማ ጓል፣ ገመድና ባትሪ ነው። ቦርሳውን እንዲከፍት የሚያስገድደው ይህ ነው፤ ሰውየውን ጠርጥሮ አይደለም። ስለዚህ መጻሕፍቱን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ፣ ገመዱን ለብቻ በትንሽ ከረጢት፣ ላፕቶፑን በቀላሉ በሚወጣበት ኪስ አስቀምጡ። ሰውነት የሚፈትሸው ስካነር ደግሞ ብረት ብቻ ሳይሆን ማናቸውንም ኪስ ውስጥ የቀረ ነገር ያመለክታል፤ መሐረብና ቦርዲንግ ፓስም ሳይቀር። ኪስ ሙሉ በሙሉ ይራገፍና ያለው ሁሉ ገና ሰልፍ ላይ ሳሉ ወደ ጃኬት ኪስ ይግባ፤ ጃኬቱ ትሪ ላይ ይሄዳል።

አዲሶቹ የሲቲ ስካነሮች ሥራውን በእጅጉ አቅልለዋል፤ ሻንጣውን ከየአቅጣጫው በሦስት ገጽታ (3D) ስለሚያሳዩ ላፕቶፕና ፈሳሽ ሳይወጣ ያልፋል። እነዚህ ባሉበት መስመር አገልግሎቱ ከሌላው ጋር አይወዳደርም፣ ሰልፉ ቶሎ ይንቀሳቀሳል፣ ሠራተኞቹም አይጮኹም። አንዳንድ የብሪታንያ አየር ማረፊያዎች እንዲያውም እስከ 2 ሊትር ድረስ ፈቅደዋል። ችግሩ ሕጉ በየቦታው አንድ አለመሆኑ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት በአንዳንድ አየር ማረፊያዎች ላልቶ የነበረውን ገደብ ከመስከረም 1፣ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ 100 ሚሊ ሊትር መልሶት ነበር። ሲሄዱ በትልቅ ጠርሙስ ያለፈ ሎሽን ትራንዚት ላይ ወይም ሲመለሱ ሊወረስ ይችላል። በመነሻው ልግስና መታለል አያስፈልግም።

በዚህ ጉዞ ደካማው አገልግሎት የትራንዚቱ ነው፤ ይህን በግልጽ መናገር ይገባል። ከአውሮፕላን ወርዶ እንደገና መፈተሽ እንደሚኖር አስቀድሞ የሚናገር ጽሑፍ የለም፤ ተሳፋሪው ከመጀመሪያው ፍተሻ በኋላ የገዛውን ውኃ እንደያዘ ይሰለፍና ማሽኑ አጠገብ ሲደርስ ይጣልበታል። አንድ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ መተላለፊያው መጀመሪያ ላይ ቢሰቀል ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር። ባዶ ጠርሙስ ግን ስለማይከለከል ይዞ አልፎ ከፍተሻ በኋላ መሙላት ይቻላል። ከዲዩቲ ፍሪ የተገዛ ሽቶ ወይም መጠጥ ከ100 ሚሊ ሊትር ቢበልጥም ቀይ ጠርዝ ባለው፣ ሲከፈት ምልክት በሚያሳይ ከረጢት ታሽጎ፣ ደረሰኙ ውስጡ እየታየ ከሆነ በብዙ ቦታ ያልፋል። ሻጩ እንዲያሽግ ትራንዚት እንዳላችሁ ንገሩት፤ መጨረሻው አየር ማረፊያ ሳትደርሱም አትክፈቱት። አንዴ ከተከፈተ እንደ ማንኛውም ፈሳሽ ነው የሚታየው።

ወደ አሜሪካ ለሚመለስ ሰው የዱቄት ሕግም አለ። ከሰኔ 30፣ 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከውጭ አገር በቀጥታ ወደዚያ በሚበር አውሮፕላን ላይ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ተጨማሪ ፍተሻ ያስከትላል፤ ምንነቱ ካልተረጋገጠ ካቢን አይገባም። መጠኑ ከአንድ የለስላሳ መጠጥ ጣሳ ጋር ይቀራረባል። ከአገር ቤት የተሰጠ ዱቄት ያለው ሰው ከዚህ በታች አድርጎ ይያዝ፣ ወይም ለዚያ ዕቃ ሲባል መመለሻው ላይ አንድ ሻንጣ ጭነት ያስገባ። መመለሻው ከመሄጃው የሚከብደው በስጦታው ነውና የጭነቱን ክፍያ አስቀድሞ ኦንላይን መፈጸም ዴስክ ላይ ከመክፈል ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

በመጨረሻ አንድ ዕቃ አያልፍም ቢባል ያለው ምርጫ ጥቂት ነው፦ ተመልሶ ቼክ ኢን ላይ ወደ ጭነት ማስገባት፣ ለሸኚ መስጠት፣ ወይም መተው። የመጀመሪያው ሰዓት ይፈልጋል፤ ሰዓት ካጠረ መሞከሩ በረራ ያስመልጣል። ሁለተኛው የሚሠራው ሸኚው ገና ካልሄደ ነው። ስለዚህ የሸኟችሁን ሰዎች ተሰናብታችሁ ስትገቡ ፍተሻውን አልፋችሁ እስክትደውሉላቸው ድረስ ከአየር ማረፊያው እንዳይርቁ ንገሯቸው።