ካራማ ውስጥ ለጾመኛ የሚሆን ቫዳ

ዱባይ፣ ካራማ ሰፈር ካሉት ትንንሽ የደቡብ ህንድ ምግብ ቤቶች በአንዱ ፍልሰታን ደጋግሜ በልቻለሁ። ዶሳውም (ከሩዝና ከጥራጥሬ ሊጥ የሚጋገር ስስ ቂጣ) ሩዙም ደህና ነው፤ እኔ ግን የምጽፈው ስለ ቫዳው ነው፤ ከተፈጨ ጥራጥሬ ሊጥ ተድበልብሎ በዘይት የሚጠበስ ምግብ ነው። እዚህ አገር የምንጾም ሰዎች ከሥራ ስንወጣ ቶሎ የሚገኝልን የድንች ጥብስና ዳቦ ነው። ሆድ ይሞላል፣ ሰውነት ግን ብዙም አያገኝም። በነሐሴ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሰው ሳምንት ሳይሞላው ጉልበቱ ይከዳዋል። ለዚህ ችግር ከቤት ውጭ ካገኘሁት መፍትሔ ሁሉ የተሻለው ይህ ጥብስ ነው፤ በትክክል ከተጠበሰ ማለቴ ነው።

እኔ የምለው ሜዱ ቫዳ የሚባለውን፣ መሐሉ ቀዳዳ ያለውን ነው፤ የሚሠራው ከኡራድ ዳል ነው። ኡራድ የማሾ የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ ልጣጩ ጥቁር ውስጡ ነጭ ጥራጥሬ ነው። ልጣጩ ተገፍፎ ለሰዓታት ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ በትንሽ ውሃ ብቻ ይፈጫል። ውሃ ከበዛበት ሊጡ ቅርጽ አይዝም፣ ዘይትም ይጠጣል። ወጥ ቤቱ በመስታወት ስለሚታይ ጥብሱን ቆሜ አይቻለሁ። ሰውዬው መዳፉን ውሃ ያስነካል፣ ከሊጡ ቆንጥሮ ያድበለብላል፣ በአውራ ጣቱ መሐሉን ይበሳና ከጣቶቹ ላይ ወደ ዘይቱ ያንሸራትተዋል። ከመጀመሩ በፊት ጠብታ ሊጥ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣል አደረገ፤ ሲንሳፈፍ አይቶ ነው ምጣዱ ጋ የቀረበው። ሊጡ ከተንሳፈፈ በደንብ ተመትቶ አየር ገብቶታል ማለት ነው፤ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ የሚወጣውም በዚህ ነው። ቀዳዳውም ለጌጥ አይደለም፤ መሐሉ ሊጥ እንዳይቀር ሙቀቱ በሁለቱም በኩል እንዲያገኘው ነው።

የመጣልኝ ቫዳ ሲቆረስ ቅርፊቱ ተሰበረ፣ ከውስጡ እንፋሎት ወጣ፤ ሙሉ ቁንዶ በርበሬ፣ ዝንጅብልና የከሪ ቅጠል ጥርስ ላይ ይገኛሉ። ጣቴ ላይ የቀረው ዘይት በጣም ጥቂት ነበር።

አሁን ወደ ጥቅሙ ልምጣ። 100 ግራም ደረቅ ኡራድ ውስጥ 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ። አንድ ቫዳ ከ20 እስከ 25 ግራም ደረቅ ጥራጥሬ ይወስዳል ብለን ብናሰላ 5 ግራም ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ፕሮቲን ይሰጣል፤ ሁለቱ ከአንድ እንቁላል ይበልጣሉ። ብረት፣ ማግኒዚየምና ፎሌትም አለው። ልጣጩ ስለሚወልቅ አሰሩ (ፋይበሩ) ከሙሉው ጥራጥሬ ያንሳል። በአንድ ቫዳ ውስጥ ያለው ጥራጥሬ ራሱ ከ70 እስከ 85 ካሎሪ አለው፤ የቀረው የዘይቱ ነው። አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ስለሆነ 6 ግራም ዘይት የጠጣ ቫዳ 54 ካሎሪ ይጨመርበታል፤ በድምሩ 130 አካባቢ ይሆናል። በአግባቡ ያልተጠበሰው ግን የዘይቱን ድርሻ እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ቫዳ ብቻውን የቆመ የካሎሪ ቁጥር የሚነግራችሁን ሰው አትመኑ፤ የሚወስነው ምጣዱ ነው።

አብራኝ የሄደችው ጓደኛዬ ሐኪም ደም ማነስ አለብሽ ብሏት ነበር። ሳህኑ ሲመጣ አየችኝና፣ «አንተ፣ ዘይት ውስጥ የዋለ ነገር ነው ለደሜ ይሆናል ብለህ ያመጣኸኝ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ዘይቱ በደንብ ሳይግል ሊጡ ከገባ ቅርፊቱ ቶሎ አይይዝም። ጥብሱ ከወጣ በኋላም በላዩ የቀረው ዘይት ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ወዲያው ማንጠፍጠፍ ያስፈለገው ለዚህ ነው። እዚህ ቤት ትልቅ ወንፊት ላይ ያቆሙታል። ሌላው ነገር ዘይቱ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ነው። ዘይት ሲደጋገም የሚፈጠሩት ፖላር የሚባሉ ውህዶች ከ25 በመቶ በላይ ከሆኑ ዘይቱ ለምግብ እንዳይውል የሚከለክለው የህንድ የምግብ ደህንነት ተቋም ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። እኛ በዓይን መለካት አንችልም፤ ግን የጠቆረና አረፋው የማይጠፋ ዘይት፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ያለው ጥብስ ካያችሁ ውጡ። የዚህ ቤት የጠዋት ዘይት ንጹሕ ነው። ማታ የሄድኩ ጊዜ ጠቆር ብሎ ነው ያገኘሁት፤ ቫዳውም ያን ያህል አልነበረም።

ለጓደኛዬ ያልኳት ሳምባሩን አብረሽ ብዪ ነው። ሳምባሩ ከቱር ዳል (የርግብ አተር ክክ)፣ ከአትክልትና ከተምር ሂንዲ (ሁመር) የሚሠራ ቀጠን ያለ ወጥ ነው፤ አስተናጋጁ በብረት ባልዲ ይዞ እየዞረ ባለቀ ቁጥር ይጨምራል። ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሌላ የጥራጥሬ ምግብ መሆኑ ነው። ሎሚም ጠይቁ፤ ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም፣ ቫይታሚን ሲ ግን ይረዳዋል። ሻይ ደግሞ በተቃራኒው ያግደዋል፤ ስለዚህ ሻዩን ምግቡ ካለፈ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠጡት። ከሁለት ቫዳ ይልቅ አንድ ቫዳና ሁለት ኢድሊ ማዘዝም ጥሩ ነው። ኢድሊ የሩዝና የኡራድ ሊጥ ቦክቶ በእንፋሎት የሚበስል ነው፤ የጥራጥሬው ፕሮቲን የጎደለውን የእህሉ ይሞላል። እኛም ሽሮን በእንጀራ ስንበላ የሚሆነው ይኸው ነው። ለደም ማነስ ግን ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት በቫዳ አይተካም፤ ይህንንም ነግሬያታለሁ።

ከሽምብራ ክክ የሚሠራውን ማሳላ ቫዳ አልወደድኩትም። አስቀድሞ ተጠብሶ መስታወት ውስጥ ይቀመጥና በረዶ ሆኖ፣ ዘይቱ ወረቀቱን አርሶ ይመጣል። ድሬዳዋና ሐረር መንገድ ላይ ትኩስ ባጂያ የበላ ሰው በዚህ አይረካም። ማባያው፣ የኮኮናት ቸትኒው፣ ትኩስ ነው፤ ጨው ግን ይበዛበታል፣ የደም ግፊት ያለበት ሰው ይቆጥብ።

ለጾመኞች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በር ላይ የተለጠፈው «ፑር ቬጅ» የጾም ማለት አይደለም። ህንዶቹ ሥጋና እንቁላል የለም ማለታቸው ነው፤ ወተት፣ እርጎና ቅቤ ግን አለ። ዳሂ ቫዳ እርጎ ውስጥ የተዘፈዘፈ ነው፣ ዶሳው ላይ ቅቤ ይቀቡበታል፣ ቡናው በወተት ነው፣ ቸትኒ ውስጥም አንዳንዴ እርጎ ይገባል። «ጊ (የነጠረ ቅቤ) የለም፣ እርጎ የለም፣ ወተት የለም» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። አስተናጋጁ ሳይሰለች ወጥ ቤት ገብቶ ጠይቆልኝ ተመልሷል፤ በዚህ በጣም አመሰግነዋለሁ።

ሁለት ቫዳ ከሳምባርና ከቸትኒ ጋር 8 ድርሃም ነው። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ እሁድ ጠዋት ቤተሰብ ይሞላዋል፣ ወንበር ይጠበቃል። በሥራ ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ሂዱ፤ ማሳያው ውስጥ ያለውን ሳይሆን አሁን የሚጠበሰውን እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። አሥር ደቂቃ ያስጠብቋችሁ ይሆናል።